የአባ ነጋ ደም የማያውቀው

ቂም መያዝ የሚያስመሰግንበት ቦታ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ደም ውስጥ ነው። እኛ ባለቤቶቹ በዚህ ረገድ የምንረባ አይደለንም። ጎረቤት ሰላም ሳይለን ካለፈ ሳምንቱን ሙሉ ፊታችንን አዙረንበት እንሰነብታለን፤ በሚቀጥለው ሳምንት ግን ያኮረፍነው በምን እንደሆነ ተዘንግቶን በአንድ ጃንጥላ ሥር አብረን እንሄዳለን። ደም እንዲህ ያለ ልበ ሰፊነት አልተፈጠረበትም። በሰባት ዓመቱ የተዳፈረውን ተውሳክ በሰባ ዓመቱ ቢያገኘው በመልኩ ያውቀዋል። ትናንት መነጽራችሁን የት እንዳስቀመጣችሁ የማታስታውሱ እናንተ፣ በልጅነታችሁ የወጣባችሁን ኩፍኝ ደማችሁ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ዛሬ መጥቶ ቢያንኳኳ ስሙን እንኳ ሳይጠይቅ ይመልሰዋል። እናንተም ምንም ሳትሰሙ ትውላላችሁ። ጤነኛ ነኝ የምንለው ብዙውን ጊዜ ይህን ያልሰማነውን ጠብ ነው።

ይህን የተማርኩት በጤና ረዳትነት ትምህርት ቤት ነው። ተማርኩት እንጂ ገባኝ አላልኩም። በዚያን ጊዜ፣ በደርግ ዘመን ማለቴ ነው፣ ሁሉ ነገር የሚተረጎመው በጦርነት ነበር። መሃይምነትን እንዋጋለን፣ ተፈጥሮን እንዋጋለን፣ የቡና ምርት ካነሰ እሱንም እንዋጋለን። ስለዚህ መምህራችን ነጩን የደም ሕዋስ ዘማች፣ ተውሳክን ወራሪ፣ ትኩሳትን የክተት ጥሪ እያደረጉ ያስተምሩን ነበር። ቆዳ ምሽግ ነበር። ንፍጥ እንኳ የክብር ስም ነበረው። እኔም ይህን ሁሉ ሸምድጄ በጥሩ ውጤት አለፍኩና ወደ ጅማ ተመደብኩ።

ጊንጆ በሚባለው የከተማው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየሁ፤ ሥራዬ ግን ከከተማው ውጭ፣ ከአጋሮ መንገድ ወርዶ ሁለት ሰዓት በእግር በሚያስኬድ የቡና መንደር ነበር። ሰኞ ማለዳ በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥዬ እሄዳለሁ፤ ቅዳሜ ልብሴን ለማሳጠብ እመለሳለሁ። ጤና ኬላው ማለት ሁለት ክፍል፣ አንድ ሚዛንና አንድ እኔ ነበር። መንደርተኛው እርስ በርሱ በኦሮምኛ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ ያወራል፤ በሁለቱም ቋንቋ ግን የሚጠራኝ ዶክተር እያለ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን አስተባብል ነበር። ሳስተባብል ጭራሽ ትሕትናዬን ማድነቅ ስለጀመሩ ተውኩት።

በዚያ መንደር አባ ነጋ የሚባሉ ወደ ስድሳ የሚጠጉ ሰው ነበሩ። ፊታቸው ከግንባር እስከ አገጭ በፈንጣጣ የተበሳሳ፣ ዝናብ የመታው አመድ የመሰለ ነው። በልጅነታቸው ፈንጣጣ ቤታቸው ገብቶ እናታቸውንና ሁለት ወንድሞቻቸውን ይዞ ሲወጣ እሳቸውን ትቷቸው ሄደ። እንዲህ የተተወ ሰው በዚያ አገር ሥራ ነበረው። ፈንጣጣ አንድ ቤት የገባ እንደሆነ ጤነኛው ሁሉ ይርቃል፤ ደጁን አልፎ የሚገባው በሽታው አንዴ ጎብኝቶት የተረፈ ሰው ብቻ ነው። ውሃ የሚያቀብለው እሱ፣ ልብስ የሚያጥበው እሱ፣ ሲብስም ከፍኖ የሚቀብረው እሱ ነው። እንዲህ ያሉት ሰዎች በመንደሩ ብዙ ነበሩ ይባላል፤ አንድ በአንድ እያረጁ አልቀው እኔ ስደርስ አባ ነጋ ብቻ ቀርተው ነበር። ሠርግ ላይ ሙሽሪት እንዳትደነግጥ ተብሎ ከበሩ ኋላ የሚቀመጡት ሰው፣ በሽታ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። ይህን እንደ ግፍ ሲያወሩት አልሰማሁም። «ሁሉም የሚፈለግበት ቦታ አለው» ይሉ ነበር።

ልብ በሉ፤ ይህን ሥርዓት ያወጣ ሰው ማይክሮስኮፕ አላየም። ደም ውስጥ ምን እንዳለ አያውቅም። ያየው አንድ ነገር ነው፤ አንድ ጊዜ የታመመ ሁለተኛ አይታመምም። እኛ ሦስት ዓመት ተምረን የደረስንበትን እነሱ መቃብር እየቆፈሩ ደርሰውበታል።

በኋላ ከታቢዎች ባለ ሁለት ጫፍ መርፌ ይዘው ጫካውን ሁሉ አዳረሱት፤ የሕዝቡም ክንድ ተወጋ፤ ከዚያም ፈንጣጣ ከአገር መጥፋቱ በሬዲዮ ተነገረ። አባ ነጋ ዜናውን ሲሰሙ «አልሀምዱሊላህ» አሉና ቀጥለው «እንግዲህ እኔም ጡረታ ወጣሁ» አሉ ይባላል። መንደሩ ግን ጡረታ አላወጣቸውም። ቆዳ ላይ የሚወጣ በሽታ ሁሉ የፈንጣጣ ዘመድ ነው የሚል እምነት ነበር፤ በተለይ ልጆች ላይ ውሃ እየቋጠረ የሚወጣውን ጉድፍ የፈንጣጣ የመጨረሻ ልጅ ነው ይሉ ነበር። አባትዬው ያለፈውን ሰው ልጅዬው አይደፍረውም። ይህን ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ሁለቱ በሽታዎች በሥጋም በጋብቻም እንደማይገናኙ አውቅ ነበር። ዝም አልኩ። ለምን ዝም አልክ ብትሉኝ፣ ለመናገር የሚያበቃ ነገር አልደረሰም ብዬ ነበር። የተማረ ሰው ዝም ሲል ሁልጊዜ የሚያማምር ምክንያት አያጣም።

ክረምቱ ወጥቶ ቡናው መቅላት በጀመረበት ሰሞን የዘይነባ ሦስት ልጆች ጉድፍ ወጣባቸው። ዘይነባ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ቡናው ዛፍ ላይ ደርሶ ሲጠብቅ ቤት ተቀምጣ ልጅ ማስታመም አትችልም። አባ ነጋን አስጠራች። አባ ነጋም መጥተው አሥር ቀን ከልጆቹ ጋር ተቀመጡ። እንዳይልጡት እጃቸውን በጨርቅ ይጠቀልላሉ፣ የጅብ ተረት ይነግራሉ፣ ውሃ ያጠጣሉ። ልጆቹ ዳኑ። አባ ነጋም ወደ ጎጇቸው ተመለሱ።

በሁለተኛው ሳምንት አባ ነጋን ትኩሳት ጣላቸው። በማግስቱ ሆዳቸው ላይ ወጣ።

ሰኞ ዕለት ከከተማ ስደርስ መንደሩ ከጎጇቸው ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቆ ከዋንዛው ዛፍ ሥር ተሰብስቦ አገኘሁት። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ከማል ከፊት ቆሟል። ከትናንት ጀምሮ ማንም አልገባም። ውሃ በቅል ሞልተው የቡና ቅርንጫፍ በሚጎትቱበት ቆልማማ እንጨት ወደ ደጁ ሲገፉላቸው ቅሉ ከመግቢያው ላይ ተደፍቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌላ ቅል አልተላከም። በዚያ መንደር በሽተኛ ቤት የሚገባ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ ዛሬ ውስጥ ተኝቷል።

«ዶክተር፣ ፈንጣጣው ተመልሷል» አለኝ አንዱ።

«ያ ቃል አይነሳ» አለ ከማል። «ጠፍቷል ተብሎ በሬዲዮ ተነግሯል።»

«ታዲያ ጓድ፣ ምን እንበለው?»

«ትኩሳት በሉት። ለጊዜው።»

ከማል ክፉ ሰው አልነበረም። የጠፋ በሽታ በእሱ ቀበሌ ተገኘ ቢባል፣ በሽታውን ያመጣው በሽታው ሳይሆን ከማል መሆኑን የሚያስረዳ ሰው እንደማይጠፋ ያውቅ ነበር። ዘመኑ እንዲያ ነበር።

«ሁላችሁም የተከተባችሁ አይደላችሁም?» አልኩ። ክንዳቸው ላይ ክብ ጠባሳው ይታያል።

አንድ ሽማግሌ ክንዳቸውን አዩትና «ክትባቱ የመንግሥት ነው፤ ፈንጣጣው የአላህ ነው» አሉኝ። 

ገባሁ። አባ ነጋ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ከንፈራቸው ደርቋል። «ውጣ ዶክተር» አሉኝ። «አንተ ገና ልጅ ነህ።» ያመጣሁትን ውሃ ሳቀብላቸው ግን እምቢ አላሉም። ከጠጡ በኋላ የተናገሩት ከትኩሳቱ ይልቅ አስደነገጠኝ።

«ሁለተኛ መጣብኝ። ሁለተኛ የሚመጣ ከሆነ፣ ያን ሁሉ ዘመን ሰው ቤት ስገባ የነበረው ምን ይዤ ነው?»

መዳፋቸውን ገልብጬ አየሁ፤ ንጹሕ ነው። ውስጥ እግራቸውን አየሁ፤ ምንም የለም። ሸሚዛቸውን ስገልጠው ሆዳቸውና ጀርባቸው ሞልቷል። አንዳንዱ ገና ቀይ ነጥብ ነው፣ አንዳንዱ ጤዛ የመሰለ ውሃ ቋጥሯል፣ አንዳንዱ ደርቆ ቅርፊት ይዟል። ደስ አለኝ። የታመመ ሰው ፊት ደስ ማለት ነውር ነው፤ ግን ደስ አለኝ። ፈንጣጣ ሥርዓት የሚወድ በሽታ ነው። ፊትንና እጅ እግርን ይመርጣል፣ መዳፍ ላይም ይወጣል፣ የወጣውም በአንድነት ይወጣል፣ በአንድነት ይበስላል። ይህ ግን በአንድ ጊዜ ጥሬም፣ ብስልም፣ ደረቅም ነው።

ወጥቼ ነገርኳቸው። ዘማችና ወራሪ ማለት ጀምሬ ነበር፤ የሰው ፊት ሲዳምን አየሁና ተውኩት። በዚያ ሰሞን ሰዉ ስለ ዘመቻ መስማት ታክቶት ነበር። ዙሪያዬን ሳይ ያለው ቡና ነው።

«የቡናችሁን ቅርንጫፍ እዩት» አልኩ። «አንዱ ፍሬ አረንጓዴ ነው፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ዛፉ ላይ የደረቀ። የአባ ነጋ ገላ ዛሬ እንዲያ ነው። ፈንጣጣ እንዲህ አይወጣም። ይህ ጉድፍ ነው። ከዘይነባ ልጆች ነው የያዛቸው።»

«ጉድፍማ እሳቸውን አይነካም» አለ አንዱ። «አባትዬው አልፏቸዋል እኮ።»

«አባቱ አይደለም። ዘመዱም አይደለም። ልብሱ ነው የሚመሳሰለው።»

አላመኑኝም። ያን ጊዜ ከኋላ ቆማ የነበረችውን ዘይነባን አየሁ። በአንድ ወቅት ጅማ መርካቶ፣ ቡና መጋዘን ውስጥ በእጅ ከሚመርጡት ሴቶች ጋር ሠርታ እንደነበር ነግራኛለች።

«ዘይነባ፣ መጋዘን የገባሽ የመጀመሪያው ሳምንት እንዴት ነበር?»

«ማል! ምን እንዴት አለው» አለች፤ «መጥፎውን ከደህናው መለየት አቅቶኝ ስሰደብ ሰነበትኩ።»

«በኋላስ?»

«በኋላማ ዓይኔ ሳያየው እጄ ይለቅመዋል። ነቀዝ የበላውን ዋላሂ ጨለማ ውስጥ ብትሰጠኝ በጣቴ አውቀዋለሁ።»

«የቦካውንስ?»

«እሱ ሌላ ነው። እሱ በአፍንጫ ነው የሚታወቀው። ለእሱ እንደገና ተሰድቤያለሁ።»

እነሆ፣ ሦስት ዓመት በጦርነት ሲያስተምሩኝ ያልገባኝ ነገር በዘይነባ ስድብ ገባኝ። ደም ውስጥ መራጮች አሉ፤ እያንዳንዱ መራጭ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው። አዲስ በሽታ ሲገባ ሳያውቁት ተሰብስበው ያፈጡበታል፤ መልኩን እስኪይዙት፣ የሚያውቀው እስኪበዛ፣ እጃቸው እስኪፈጥን ቀናት ያልፋሉ። እነዚያን ቀናት ነው ሕመም የምንላቸው። ሲያልፍ አብዛኞቹ መራጮች ይሰናበታሉ፤ ጥቂቶቹ ግን ዕድሜ ልካቸውን ይቀመጣሉ፤ ያው በሽታ ሲመለስ ከደጅ ይለቅሙታል። ክትባትም ሌላ አይደለም፤ በሽታው ሳይመጣ መራጮቹን በናሙና ማለማመድ ነው። በአባ ነጋ ደም ውስጥ ፈንጣጣን የሚያውቁ ብርቱ መራጮች ሃምሳ ዓመት ሥራ ፈትተው ተቀምጠዋል። ጉድፍን የለመደ ግን አንድም አልነበረም። አዲሶቹ አሁን ገና እየተሰደቡ ነው።

ይህንኑ በአጭሩ ነገርኳቸው። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ማንም ግን ወደ ጎጆው አልተንቀሳቀሰም።

«ጉድፍ በልጅነቱ የወጣበት ሰው ቢገባ ምንም አይሆንም» አልኩ።

እርስ በርስ ተያዩ። ብዙዎቹ ሳይወጣባቸው አልቀረም፤ ግን የሚያስታውስ የለም። ቀደም ብዬ የነገርኳችሁ ይህን ነው፤ ደም ያስታውሳል፣ ባለቤቱ ይረሳል፣ ሲጠየቅም የሚቆመው ባለቤቱ ነው። በእርግጠኝነት የወጣባቸው ከመንደሩ ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ትልቋ ሰባት ዓመቷ ነው። ረሂማ ትባላለች፤ የዘይነባ ልጅ፣ ጉንጯ ላይ ጉድፉ የለቀቀው ቦታ ገና ቀላ ቀላ ያለ። የእናቷን ቀሚስ ይዛ ቆማ ነበር።

ሁሉም ልጅቷን አየ፤ ከዚያ እናትየዋን አየ።

ዘይነባ ወደ እኔ ቀረበች። «ብትሳሳትስ?» አለችኝ በዝግታ። «ፈንጣጣ ቢሆንስ?»

መልስ የሚያስፈልጋት ለጥያቄው ብቻ አልነበረም። የምትጠይቀኝ ልጇን በቃሌ ላይ ለመጣል ነበር። መዳፋቸውን፣ እግራቸውን፣ ሆዳቸውን እንደገና በልቤ ዞርኩት። መጽሐፉ ትክክል ነው። እኔ ግን ፈንጣጣ የሚባለውን በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ ስመጣ ጠፍቶ ነበር።

«አልተሳሳትኩም» አልኩ። ድምፄ ከእኔ ይልቅ እርግጠኛ ነበር።

ዘይነባ ወደ ጎጆው አየች። «ለልጆቼ አሥር ቀን የተቀመጡት እሳቸው ናቸው» አለች፤ ለማን እንደተናገረችው አላውቅም። ቅሉን ሞልታ ለረሂማ ሰጠቻት። እኔም ከልጅቷ ጎን ሄድኩ። ሠላሳ እርምጃ እንደዚያን ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም።

ረሂማ እንደ ቤቷ ዘው ብላ ገባች። አባ ነጋ ክንዳቸውን እያከኩ ነበር።

«አካኮ፣ እንዳያኩት» አለቻቸው፤ አካኮ አያት ማለት ነው። «ከነኩት ጠባሳ ይሆናል ብለውኝ የለ?»

አባ ነጋ አዩዋት። እጃቸውን ወደዚያ ፊታቸው አነሱና ዳሰሱት። «አዲስ ጠባሳ ከመጣ» አሉ፣ «ቆሞ ይጠብቃል እንጂ መቀመጫ የለውም።» ከዚያ ሳቁ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ግን እውነተኛ ሳቅ ነበር፤ እስከ ዋንዛው ተሰማ። ዞር ብዬ ሳይ ሠላሳው እርምጃ ሃያ ሆኗል።

ጉድፍ ለልጅ ጨዋታ ነው፤ ለሽማግሌ ግን ይከብዳል። ሦስት ቀን ክፉኛ ታመሙ፣ ትንፋሽ አጠራቸው፣ ወደ ጅማ በቃሬዛ ልናወጣቸው እንጨት እስከ መቁረጥ ደርሰን ነበር። ቀን ቀን ረሂማና ወንድሞቿ እየተፈራረቁ ገቡ። በሁለተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ በልጅነታቸው ጉድፍ እንደወጣባቸው እናታቸው አንድ ጊዜ አውርታ እንደነበር ትዝ አላቸውና ገቡ። ከዚያ በኋላ የሚያስገርም ነገር ሆነ፤ መንደሩ ሁሉ ቀስ በቀስ የልጅነት ጉድፉን ያስታውስ ጀመር። ከማል ሳይቀር አስታወሰ። በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃቸው። የአባ ነጋ መራጮች ሥራቸውን ለምደው ነበር።

ሲድኑ ጤና ኬላ መጡ። «ደሜ የማያውቀውን በሽታ ጻፍልኝ» አሉኝ። በመሠረተ ትምህርት ማንበብ ተምረዋል፤ ፊደሉን እየጠሩ ቀስ ብለው ያነባሉ። እየጠየቅኋቸው ጻፍኩ። ኩፍኝ ወጥቶባቸዋል፣ እሱን ተውነው። ትክትክ እንጃ። ጆሮ ደግፍ በጭራሽ፤ ጉንጫቸው አብጦ አያውቅም። ለትልቅ ወንድ ጆሮ ደግፍ አደገኛ መሆኑን ሳስረዳቸው በጥሞና ሰሙኝ። «እንግዲህ ከየትኛው ቤት እንደምርቅ አወቅሁ» አሉና ወረቀቱን አጣጥፈው ሄዱ። እኔም ደስ አለኝ። ዕውቀት ማለት ይኸው ነው ብዬ አሰብኩ፤ ሰው የማይገባበትን ቤት ለይቶ ማወቁ።

የበልግ ዝናብ ሲጀምር ታች ሰፈር አንድ ቤት ጆሮ ደግፍ ገባ። አራት ልጆች ጉንጫቸው አብጦ፣ ራሳቸውን በነጠላ ታስረው ተኝተዋል ተባልኩና ሄድኩ። ደጁ ላይ ቆሜ ወደ ውስጥ ሳይ፣ ከልጆቹ መካከል አባ ነጋ ተቀምጠው አጥሚት በማንኪያ ያጠጣሉ።

«አባ ነጋ» አልኩ፣ «ያ ወረቀት ጠፋብዎት እንዴ?»

«አልጠፋም። ጆሮ ደግፍ ሁለተኛው መስመር ላይ ነው ያለው።»

«ታዲያ ደምዎ ይህን በሽታ አያውቀውም ብዬዎት አልነበረም?»

«ደሜ አያውቀውም» አሉ፤ ማንኪያውን ወደ ታናሹ ልጅ እያስጠጉ። «ልጆቹ ግን እኔን ያውቁኛል።»

ያ ሁሉ ዘመን መንደሩ አባ ነጋ የማይፈሩት በሽታው ስለማይነካቸው ነው ብሎ ያምን ነበር። እሳቸውም ያምኑ ነበር። እኔም በበኩሌ ነገሩን ከነመራጮቹ ተንትኜ አስረድቻለሁ። ሦስታችንም ደማቸውን ነበር ያመሰገንነው።

«ደጅ ላይ ምን ያቆምሃል? ዝናቡ እኮ ይመታሃል» አሉኝ። «አንተንስ ይዞህ ያውቃል?»

አላስታውስም አልኳቸው። ገብቼም ተቀመጥኩ።